የሰው ደጅ ስትረግጪ

የወንድሜ ልጅ፣

በጥቅምት ከዶሃ ወደ ካትማንዱ ልትሄጂ ማሰብሽን አባትሽ ነግሮኛል። አብራሽ የምትሠራው የኔፓል ልጅ ወላጆቿ ዘንድ ጋብዛሻለች፤ የካትማንዱን ሸለቆ ቤተ መቅደሶችም አብራችሁ ልታዩ ነው። ደግ አደረግሽ። አባትሽ «ጣዖት ቤት ምን ልትሠራ ነው?» እያለ ይጨነቃል። አንቺ ደግሞ ምን ልልበስ፣ ምን ልያዝ ብለሽ ልከሽብኛል። ለሁለታችሁም በአንድ ወረቀት ልመልስ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ላሊበላ ላይ እንግዳ በማስጎብኘት ነው። ቄሱ ቅዳሴ ላይ ቆሞ ፊቱ ላይ ፍላሽ ሲበራበት፣ አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፋ ስታለቅስ ሦስት ካሜራ ሲደገንባት አይቻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ካትማንዱ ስሄድ ግን ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እኛ ከሌላው ጎብኚ አንድ ብልጫ አለን ልጄ፤ ስንጸልይና ስንቀብር እንግዳ የሚያየን ሰዎች ነን፤ ምን እንደሚያስከፋ ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው።

፩. ፓስፖርትሽን አስቀድሚ። ኔፓል ለብዙ አገር ሰው ቪዛውን እዚያው አየር ማረፊያ ላይ ትሰጣለች። ይህን ዕድል ከማያገኙት ጥቂት አገሮች አንዷ ግን ኢትዮጵያ ናት። ስለዚህ ጓደኞችሽ «እዚያው ይመቱልሻል» ቢሉሽ አትስሚ፤ ዶሃ ካለው ኤምባሲያቸው ቀድመሽ አስመቺ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘው የአክስትሽ ልጅ እዚያው ደርሶ ቢያገኝ አትቅኚ።

ሰዓትሽን 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ወደፊት አዙሪ። አዎ፣ 45 ደቂቃ፤ ለብቻቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። የዘመን አቆጣጠራቸውም እንደ እኛ የራሳቸው ነው። እኛ ከፈረንጁ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስንሆን እነሱ 57 ዓመት ገደማ ይቀድማሉ፤ አንድ ድንጋይ ላይ 2072 የሚል ብታነቢ ግራ አይግባሽ። እኔ ከዚህ በታች ዓመቱን በፈረንጁ ነው የምጽፍልሽ። የሳምንት ዕረፍታቸው ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሰው ሁሉ ሥራ ይገባል። ስለ ከፍታው ደግሞ አታስቢ። ካትማንዱ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ናት፤ አንቺ ያደግሽበት አዲስ አበባ ከዚያ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ይላል። ፈረንጆቹ ተራራ አገር ገባን ብለው ሲያለከልኩ አንቺ ቆላ ወረድኩ በይ።

፪. ነጠላሽን ያዢ፤ የቆዳ ነገር ግን ተይ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ በቂ ነው፤ ነጠላው ፀሐይም ብርድም ይመልስልሻል። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በቶሎ የሚወልቅ ይሁን፣ ካልሲም ያዢ፤ ድንጋዩ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ያቃጥላል። የማታውቂው የቆዳው ነገር ነው። ላም ለሂንዱ ቅድስት ናት፤ አንዳንድ ቤተ መቅደስ ደጅ ላይ ቀበቶና የቆዳ ቦርሳ አውልቁ ይላሉ። ፓታን ከተማ ወርቃማው ቤተ መቅደስ የሚባለው የቡድሃ ገዳም እንኳ በቆዳ አያስገባም። ከመርካቶ የገዛሽውን ያንን የሚያምር ቦርሳ ዶሃ ተይው።

ሴት ለሴት ስለሆንን አንድ ነገር ልጨምር። በወር አበባ ጊዜ ሂንዱ ሴቶችም ቤተ መቅደስ አይገቡም። አንቺም ከቤትሽ የምታውቂው ሥርዓት ስለሆነ ማብራሪያ አያሻሽም። በር ላይ ማንም አይጠይቅሽም፤ ጓደኛሽ «ዛሬ ደጅ እቆያለሁ» ብትልሽ ግን ለምን ብለሽ አታድርቂያት።

፫. የተዘጋ በር አያስቆጣሽ። ፓሹፓቲናት የሺቫ ትልቁ ቤተ መቅደስ ነው፤ ጣሪያው በወርቅ የተለበጠ፣ በሮቹ የብር ናቸው። ደጁ ላይ «ከሂንዱ በቀር መግባት አይቻልም» የሚል ሰሌዳ ታገኛለሽ። እዚያ ቆሞ «ገንዘብ ከፍዬ የመጣሁ ሰው ነኝ» እያለ ከጠባቂው ጋር የሚጨቃጨቅ ቱሪስት አይጠፋም። አንቺ አክሱም ሄደሽ አሮጌው የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሴት አታስገባም ተብለሽ ከደጅ ተሳልመሽ ተመልሰሻል። ያን ጊዜ ያላኮረፍሽ ልጅ እዚህ የምታኮርፊበት ምክንያት የለም። ባክታፑር ውስጥ ደግሞ ኒያታፖላ የሚባል ባለ አምስት ጣሪያ ቤተ መቅደስ አለ፤ ውስጡ ያለችውን እንስት አምላክ ከካህናቱ በቀር የከተማው ሰው ራሱ አያያትም። ታቦት በመንበሩ ላይ መጋረጃ ተጋርዶበት ለሚኖር ሕዝብ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። እንዲያውም ሁሉ ነገር በመስኮት ካልታየኝ የሚለው ጎብኚ ነው ለእኔ እንግዳ የሚሆንብኝ።

፬. ባግማቲ ወንዝ ዳር ስትደርሺ ለቅሶ ቤት እንደገባሽ ቁጠሪው። ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ በሸለቆው ውስጥ ጎብኚ ከሁሉ የሚሳሳትበት ስፍራ ስለሆነ ነው።

ፓሹፓቲናት ሥር ባግማቲ ይፈሳል፤ ዳሩ ላይ በድንጋይ የተሠሩ መደቦች አሉ። ሬሳ የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነው። አስከሬኑ ብርቱካንማ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አበባ ተበትኖበት በቃሬዛ ይመጣል፤ እግሩ የወንዙን ውኃ እንዲነካ ይደረጋል። ከዚያ በተረበረበው እንጨት ላይ ያጋድሙታል፤ የበኩር ልጁም እሳቱን ከአፉ ላይ ይለኩሳል። ልጆቹ ጠጉራቸውን ይላጫሉ፣ ነጭ ይለብሳሉ፤ ብዙዎቹ ያን ነጭ ዓመት ሙሉ አያወልቁትም። አመዱ ወደ ወንዙ ይጠረጋል። ይህ ሁሉ በገሃድ፣ ጎብኚው ከማዶ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እያየ ነው። አጠገቡ ልጆች ይዋኛሉ፣ ዝንጀሮ ይዘላል፣ ሻይ ሻጭ ያልፋል። መጀመሪያ ይከብድሻል፤ ሽታውም፣ ጭሱም።

እነሱ አይሸሽጉትምና ማየቱ ነውር አይደለም። ነውሩ በትልቅ ሌንስ የልጁን ፊት ጎትቶ ማውጣት ነው። እኔ እዚያ በተቀመጥኩ ቀን አንድ ጎብኚ ቪዲዮ እየቀረጸ ለተመልካቾቹ ያስረዳ ነበር፤ ከማዶ አባቱን የሚያቃጥለው ወጣት ቀና ብሎ አየው። ያችን አስተያየት ላሊበላ ላይ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። ስለዚህ ልጄ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጪ፤ ድምፅሽን ዝቅ፣ ሳቅሽን ወደ ውስጥ። ከበቃሽ ተነሥተሽ ሂጂ፤ እስከ መጨረሻው መቆየት ግዴታ የለብሽም። ፎቶ ካስፈለገሽ ማታ ተመለሺ፤ ሲመሽ ካህናቱ በወንዙ ዳር መቅረዝ እያወዛወዙ የሚዘምሩበት ሥርዓት አለ፤ እሱ የደስታ ነው፣ ሰውም አብሮ ያጨበጭባል።

ፊታቸውን አመድ የተቀቡ፣ ጠጉራቸው እስከ ወገብ የተገመደ ባሕታውያንም እዚያው ታገኛለሽ። እውነተኛም አለ፣ ለፎቶ የተቀባም አለ። ካነሣሽ ይጠይቁሻል፤ ቀድመሽ ተስማሚ፣ ከፍለሽ አንሺ። ወይ አታንሺ።

፭. ማየት ማምለክ አይደለም፤ ለአባትሽ አንብቢለት። ስንት ሙስሊም፣ ስንት እግዚአብሔርን የማያውቅ ሰው ቤተ ጊዮርጊስን ሳስጎበኝ አብሮኝ ወርዷል። አንዱም ስላየ ክርስቲያን አልሆነም፤ እኛም ስላሳየን ሃይማኖታችን አልጎደለም። ነገር ግን በማየትና በመሳተፍ መካከል ያለችው መስመር ቀጭን ናትና የት ጋ እንዳለች ልንገርሽ።

ካህኑ በቀይ ዱቄት፣ በሩዝና በእርጎ የተለወሰ ቲካ ግንባርሽ ላይ ሊያደርግ ይመጣል። ልብሽ ካልፈቀደ ሁለት መዳፍሽን ደረትሽ ላይ ገጥመሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ በይ። ወዲያው ይገባዋል፤ እኔን ማንም አላስገደደኝም። ከተቀበልሽ ደግሞ ገንዘብ እንደሚጠበቅብሽ ዕወቂ። ለአማልክቱ ቀርቦ የሚመለስ ጣፋጭና አበባ ይሰጡሻል፤ ያም የቡራኬ ነው። አለመቀበል ትችያለሽ። ተቀብለሽ ጥግ ዞር ስትይ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ መጣል ግን እጅግ አስነዋሪ ነው፤ የእኛን ጠበል ጠዲቅ አንድ እንግዳ እንዲያ ሲያደርገው ብታዪ ምን ይሰማሽ ነበር? ደወሉንም ለጨዋታ አትደውዪ፤ እነሱ የሚደውሉት አምላካቸውን ለመጥራት ነው።

«ጣዖት» የሚለውን ቃል ሀገር ቤት ተይው። አማርኛ አይሰሙም ብለሽ ከጓደኞችሽ ጋር በስልክ አትሣቂ፤ ሣቅ አስተርጓሚ አያሻውም። ይህን ስል በሌላ በኩል የሚያጠፋውንም አልረሳሁም። ሁለት ቀን ሳይሞላው አንገቱን በዶቃ የሞላ፣ ቡድሃው ፊት እግሩን አጣጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ፎቶ የሚነሣ ጎብኚ ነው። ያም ያው መዘባበት ነው። ጨዋ የሆነ እንግዳ አይስቅም፣ አያስመስልምም።

ሂንዱው የት ያበቃል፣ ቡድሂስቱ የት ይጀምራል ብለሽም አትድከሚ። ስዋያምቡ የሚባለው ኮረብታ ላይ ትልቁ የቡድሃ ስቱፓ ቆሞ አጠገቡ ሃሪቲ የምትባል እንስት አምላክ ቤት አላት፤ ልጆችን ከፈንጣጣ ትጠብቃለች ብለው የሁለቱም ሃይማኖት እናቶች ይሳለሟታል። ጓደኛሽን አንቺ የየትኛው ነሽ ብለሽ ብትጠይቂያት «የሁለቱም» ልትልሽ ትችላለች፤ እየቀለደች አይደለም።

፮. በቀኝ ዙሪ። ስቱፓን የምትዞሪው ሁልጊዜ ቀኝ እጅሽ ወደ እሱ ሆኖ ነው፤ የጸሎት መንኮራኩሮቹንም በቀኝ እጅ፣ በዚያው አቅጣጫ። ቡድናት የሚባለው ነጭ ስቱፓ 36 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ በአራቱም ጎን የቡድሃ ዓይኖች ተስለውበታል፤ ዙሪያውን ከ1959 ወዲህ ከቲቤት የተሰደዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ሰፍረዋል። ማታ ማታ ሽማግሌዎቹ መቁጠሪያ ይዘው ይዞሩታል። አብረሽ ዙሪ፣ ፍጥነትሽን በእነሱ ልክ አድርጊ፤ ፎቶ ለማንሣት መሐል ላይ አትገተሪ። ስዋያምቡ ለመውጣት 365 ደረጃ አለ፤ ዝንጀሮዎቹ ፌስታል ያዩ እንደሆነ ነጥቀው ይሮጣሉ። ምግብ አትያዢ።

፯. ሕያዋን የሚመለኩበትም ቤት አለ። ካትማንዱ አሮጌው ቤተ መንግሥት አደባባይ ላይ በ1757 የተሠራ፣ መስኮቱ ሁሉ በእንጨት ቅርጽ የተጌጠ ቤት ታያለሽ። እዚያ የምትኖረው ትንሽ ልጅ ኩማሪ ትባላለች፤ ከቡድሂስት ቤተሰብ ተመርጣ የሂንዱዎቹ እንስት አምላክ ያደረችባት ተደርጋ ትመለካለች፣ የወር አበባ ስታይ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች፣ ሌላ ሕፃን ትተካለች። አንዳንድ ጊዜ በመስኮት ብቅ ትላለች። ያኔ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ሁሉም ሰው ስልኩን ያወርዳል። ስለዚህ ሥርዓት የራሴ አስተያየት አለኝ፤ ልጅ ከልጅነቷ ስትነጠል ደስ አይለኝም። በዚያ ግቢ ውስጥ ግን አስተያየቴን የጠየቀኝ የለም፤ አንቺንም አይጠይቁሽም። ማታ ከጓደኛሽ ጋር ሻይ ስትጠጡ አንሺው፤ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው እንደሚከራከሩበት ትሰሚያለሽ።

፰. አንድ ቀን ለባክታፑር ብቻ ስጪ። አስጎብኚ ድርጅቶች ሰባቱን የዓለም ቅርስ ስፍራዎች በሁለት ቀን ያስሮጡሻል። ያ የቱሪስት በሽታ ነው፤ እኛም አሥራ አንዱን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከምሳ በፊት አሳዪን የሚል ይገጥመን ነበር። ሲሻሽ ፓታንንና ቻንጉ ናራያንን ለሌላ ጊዜ ተይ፤ ባክታፑርን ግን ጠዋት ገብተሽ ማታ ውጪ። ትኬትሽን አትጣይ፤ ለውጭ ሰው ዋጋው ከእነሱ ይበዛል፣ ይህም ተገቢ ነው።

ቅድም ያነሣሁልሽ ኒያታፖላ በ1702 ንጉሥ ቡፓቲንድራ ማላ ያሠራው ነው። ደረጃው ላይ በየእርከኑ ጥንድ ጥንድ ጠባቂ ቆሟል፦ ከታች ሁለት ትግል ገጣሚዎች፣ ከዚያ ዝሆኖች፣ ከዚያ አንበሶች፣ እያለ እስከ እንስት አማልክቱ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ከበታቹ ካለው በዐሥር እጥፍ ይበረታል ይላሉ። የ1934ቱ ርዕደ መሬት አልጣለውም። የ2015ቱም፣ በእኛ ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ቅዳሜ ቀትር ላይ የሆነው፣ አልጣለውም። በዚያ ቀን ግን ዙሪያውን ያለው ብዙ ቤትና ቤተ መቅደስ ፈረሰ፤ በአገሪቱ ወደ 9,000 ሰው አለቀ። ቀኑ ቅዳሜ ሆኖ ተማሪ ቤት ባይዘጋ ኖሮ ከዚያም በከፋ ነበር። ስለዚህ ስትዞሪ አዲስ እንጨት፣ አዲስ ጡብ ታያለሽ። «ይሄማ አዲስ ነው» ብለሽ አትናቂው። የቡድናት ስቱፓ ጉልላት በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሲታደስ ገንዘቡ በአብዛኛው ከምእመናን ነው የመጣው። እንጨት ጠራቢዎቹ ሙያውን ከአባቶቻቸው የተማሩ ስለሆኑ ዛሬም ጓሮ ውስጥ ሲሠሩ ታገኛቸዋለሽ፤ ከአንዳንዱ ቤተ መቅደስ ይልቅ እነሱ ዘንድ ቁጭ ብዬ ያሳለፍኩት ጊዜ ይበልጥብኛል።

በሸክላ ገበታ የሚቀርብ የባክታፑር እርጎም አለ፣ ጣፋጭ። በጾም ቀን እንዳይሆን እንጂ።

፱. ስለ አስጎብኚ። ሙያዬ ስለሆነ በግልጽ ልንገርሽ። መታወቂያ የያዘ ቅጠሪ፣ ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ጨርሺ፣ መጨረሻ ላይ ጉርሻ ስጪ። ሥዕል ቤት ወይም የነሐስ ሳህን ሱቅ ካስገባሽ ኮሚሽን እንዳለው ዕወቂ፤ በእኛም አገር አለ፣ በየትም አለ። አትቆጪው፤ «ሱቅ አልፈልግም» በይው። ሕፃን ታቅፋ «ገንዘብ አይደለም፣ ወተት ግዢልኝ» የምትልሽ ሴት ብታገኝሽ ወተቱ አንቺ ስትሄጂ ወደ ሱቁ ተመልሶ ሊሸጥ እንደሚችል አስቢ። መስጠት ከፈለግሽ የበሰለ ምግብ ስጪ።

፲. አሮጌ ነገር አትግዢ። በዚህ ላይ ምሕረት የለኝም። የሸለቆው አማልክት ሙዚየም ውስጥ አይደሉም፤ መንገድ ዳር፣ ምንጭ አጠገብ፣ ግድግዳ ውስጥ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሴቶች ቀይ ዱቄት ይቀቧቸዋል። ስለዚህም ለሌባ ቀላል ነበሩ። ኔፓል በሯን ለውጭ ሰው ከከፈተች ወዲህ ስንቱ ተነቅሎ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሄደ። ላይን ሲንግ ባንግዴል የሚባል ሰዓሊ የተሰረቁትን በፎቶግራፍ እየለቀመ በ1989 መጽሐፍ አሳተመ፤ ያ መጽሐፍ ዛሬ ለአስመላሾቹ ማስረጃ ሆኗል። ከፓታን በ1984 የተሰረቀ አንድ የላክሽሚ ናራያን የድንጋይ ምስል ለሠላሳ ዓመት ያህል ዳላስ ከተማ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ነበር። የሰፈሩ ሰዎች በቦታው ሌላ አስቀርጸው እሱን ሲሳለሙ ኖሩ። በ2021 ዋናው ተመለሰ፤ ሙዚየም አላስገቡትም፣ በዚያው ዓመት ወደ ቤተ መቅደሱ፣ ወደ ጥንቱ ቦታው ነው የመለሱት።

የመቅደላን ታቦታትና መጻሕፍት ነገር፣ ከሮም በ2005 የመጣውን የአክሱም ሐውልት ነገር እየሰማሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። አንድ ነጋዴ ከመጋረጃ ጀርባ ጠቆር ያለ የነሐስ ምስል አውጥቶ «ጥንታዊ ነው፣ ከገዳም የወጣ» ቢልሽ ወይ ይዋሻል ወይ የተሰረቀ ነው። ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ቅርስ ከአገር ማውጣት በሕግም ክልክል ነው። አዲስ የተሠራውን ከሠሪው እጅ ግዢ። አሮጌ የሚመስል አዲስ ነገር ካማረሽ ደግሞ ከቅርስ ጽሕፈት ቤታቸው ማረጋገጫ ያዢ፤ አየር ማረፊያ ላይ ይጠይቁሻል።

፲፩. ሉምቢኒን ጊዜ ካለሽ ብቻ። ቡድሃ የተወለደበት ነው፤ ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ቆላው፣ ከህንድ ጠረፍ አጠገብ። ንጉሥ አሾካ ያቆመው ዓምድ ከነጽሑፉ አለ። ሰፊ ነው፣ ይሞቃል፣ ብዙ ያስኬዳል። በረዷማዎቹን ተራሮች ለማየት ግን ከካትማንዱ ሳትርቂ ናጋርኮት ማደር ይበቃሻል፤ የእነሱም ክረምት እንደ እኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ በጥቅምት ሰማዩ ይጠራል። ቀኑ ከገጠመልሽ የመብራት በዓላቸው ላይ ትደርሻለሽ፤ በአንደኛው ቀን ለውሻ የአበባ ጉንጉን አጥልቀው፣ ግንባሩን ቲካ ቀብተው ያበሉታል። አባትሽ ይህን በፎቶ ካላየ አያምንም፤ እሱን አንሺለት፣ ውሻው አይከፋውም።

፲፪. የሰው ቤት ስትገቢ። የጓደኛሽን እናት በስማቸው አትጥሪ፤ እንደ እኛው «እማማ» በሚል ቃል ነው የሚጠሩት፣ ልጅቷ ታስተምርሻለች። ስትሰጪም ስትቀበዪም በቀኝ እጅ። እግርሽን ወደ ሰው ወይም ወደ ምስል ዘርግተሽ አትቀመጪ። ከራስሽ ሳህን ቆርሰሽ ለማንም አታጉርሺ፤ ለእኛ ፍቅር ነው፣ ለእነሱ ግን አንድ ጊዜ የሌላ ሰው እጅና አፍ የነካው ምግብ የረከሰ ነው። የላም ሥጋ አትጠይቂ። በረቡዕና ዓርብ ሩዝና የምስር ወጥ ስለሚያቀርቡልሽ ደስ ይልሻል፤ ቅቤ ሊጨምሩበት ይችላሉና ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው። የሚጾም ሰው እነሱም ዘንድ ስላለ አይደነቁም።

ስጦታ ምን ልያዝ ላልሽው፣ ቆዳው ከቀረ ቡና ነው። በሚቀጥለው ወር ወደ ዶሃ የሚመለስ የጎረቤት ልጅ አለ፤ አንድ ኪሎ ይርጋጨፌ በእሱ እልክልሻለሁ። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ ይመጣል። ጀበናውን ግን አንቺ ከምታውቂው ሱቅ ግዢ፤ በሻንጣ አስሬ ብልከው ይሰበራል።

አክስትሽ